ግራን ብሉ ደ ጋስኮኝ ለደሴ ግቢ ይሆናል?

የቧንቧ ውሃው፦
ሰላም ጀመዓ። አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሥራውን ጨርሶ አገሩ ሲገባ ውሻውን ለኔ ትቶልኝ ሄደ። ዘሩ ግራን ብሉ ደ ጋስኮኝ ይባላል። ቁመቱ ጉድ ነው። ነጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ስለተረጨበት ከሩቅ ሰማያዊ ይመስላል። ጆሮው ከመርዘሙ የተነሳ ሲበላ ሳህኑ ውስጥ ይነከራል። ጠባዩ ምንም አይወጣለትም፤ ችግሩ ሌሊት ነው። ከጦሳ ተራራ በኩል ጅብ ሲጮህ እሱም አንገቱን ቀና አድርጎ ይቀበላል። ጩኸት አይደለም፣ ኡኡታ ነው! ጎረቤቴ ሐጂ «ልጄ፣ ሱብሒ ሳይደርስ ቀሰቀሰን እኮ» አሉኝ። በር ሲከፈት ደግሞ አፍንጫውን መሬት ላይ ተክሎ ይነጉዳል፤ ብጠራው ዞር ብሎም አያይ። ለዘበኝነት አስቤው ነበር። ምን ትላላችሁ?

የእንስሳት ሐኪም፣ ኮምቦልቻ፦
አብሽር፣ የዘሩ ነው። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ተኩላና የዱር አሳማ በመንጋ ሲያሳድድ የኖረ ውሻ ነው። አዳኙ ጫካ ውስጥ የሚከተለው የውሾቹን ድምፅ ስለሆነ፣ ጩኸቱ ተፈልጎ የመጣ ነው። ወንዱ ቁመቱ እስከ 72 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ዘበኝነቱን ግን እርሳው፤ ሌባ ቢመጣ ጭራውን ይቆላለታል። ብቸኝነት አይወድም፤ ሰው አጠገብ፣ በረንዳ ላይ ይደር። ማለዳ ረጅም መንገድ አስኪደው፣ ገመዱን ግን እንዳትፈታ። ሽታ ከያዘ መኪና አያይም።

ዋናው ነገር ሆዱ ነው። ደረተ ጥልቅ ትልቅ ውሻ ጨጓራው በአየር ተነፍቶ ሊዞርበት ይችላል። ምግቡን በቀን ሁለቴ ከፍለህ ስጠው፤ እንደበላ አታሩጠው። ሆዱ እንደ ከበሮ ከተወጠረና ሊያስመልስ እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ፈልግ። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ጆሮውንም ገልጠህ እይ። ተንጠልጣይ ስለሆነ አየር አያገኝም፣ ቶሎ ያመረቅዛል። በንጹሕ ጨርቅ አድርቅለት፤ እንጨት ላይ የተጠቀለለ ጥጥ ወደ ውስጥ አትስደድ። ከሸተተ ወይም ጭንቅላቱን ካራገፈ ይዘኸው ና። የእብድ ውሻ ክትባቱንም እንዳትረሳ።

እናት ዓለም፦
ከሉካንዳ አጥንት አምጥተህ ቀቅለህ እንዳትሰጠው፣ የተቀቀለ ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል። ሐጂም ውዱዕ አድርገው ሲወጡ ውሻው እንዳይልሳቸው፣ በሶላት ሰዓት እሰርልኝ።

የቧንቧ ውሃው፦
እሺ እትዬ፣ እሱስ ልክ ነው። ዶክተር፣ ለብቸኝነቱ ሁለተኛ ውሻ ብጨምር ይሻላል?

የእንስሳት ሐኪም፣ ኮምቦልቻ፦
ይረጋጋል። ግን ሌላ ጋስኮኝ አታምጣ፤ ሁለቱ ተቀባብለው ይጮሁብሃል። የሰፈር ቡችላ ይበቃዋል።