«መጀመሪያ ኢኮኖሚው ይደግ» ለሚሉን

አዋላጇ፦ ትናንት እዚሁ «ጤናና ትምህርት የፍጆታ ወጪ ናቸው፤ መጀመሪያ ኢኮኖሚው ይደግ» የሚል አንብቤ እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። ወልዳ ደም የሚፈሳት እናት ስንት ዓመት ትጠብቅ? ደሙን የሚገታው ኦክሲቶሲን ርካሽ መድኃኒት ነው። ግን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ማቀዝቀዣው መብራት፣ መብራቱ በጀት።

ግብር ከፋይ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ገቢ ሳይኖር ከየት ይምጣ? ዛሬ ተበድረን ብናወጣ ነገ ወለዱ ያንኑ የጤና በጀት ይበላዋል።

የሒሳብ መምህር፦ ይሄ «መጀመሪያ» ያልከው መቼ ነው የሚያልቀው? የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታችን 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን አሉ። ከዚያ ወዲህ የብዙዎቹ ኢኮኖሚ አደገ፤ 15 በመቶው ግን ለአብዛኞቹ ዛሬም ሩቅ ነው። ስሪላንካ ነጻ ትምህርትና ነጻ ሕክምና የጀመረችው ገና ድሃ ሳለች ነው።

ግብር ከፋይ፦ በ2022 ዕዳዋን መክፈል እንዳቃታትም ጨምርበት እንጂ!

የሒሳብ መምህር፦ ለዕዳ የዳረጋት ነጻ ትምህርት ነው እንዴ? በ2019 ግብር ቀነሰች፣ ገቢዋ ተመናመነ፣ በላዩ ላይ ኮቪድ ቱሪዝሙን አቆመው።

በጀት አጥኚ፦ ሁለታችሁም የምታወሩት ስለተመደበው ብቻ ነው። ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተማሪ ቁጥር ልክ ከመደበችው ድጎማ ትምህርት ቤቶቹ እጅ የገባው በአማካይ 13 በመቶው ነበር። የተላከው ገንዘብ በጋዜጣ መውጣት ሲጀምር፣ በየትምህርት ቤቱም ሲለጠፍ፣ የሚደርሰው በብዙ ጨመረ።

ግብር ከፋይ፦ ይኸው! እኔስ ምን አልኩ? በሚያፈስ እንስራ ውሃ አትቅዱ ነው የምለው።

አዋላጇ፦ ኧረ እሱን አላልክም! «ይደግ» ነው ያልከው። የሰረቀ ካለ እሱ ይጠየቅ፤ ወላዷ በምን ዕዳዋ?

ግብር ከፋይ፦ እህቴ፣ ስሜት በጀት አይሆንም።

አዋላጇ፦ ስሜት አይደለም፣ በየዓመቱ የማየው ነው። ሕንፃው ይመረቃል፣ ባለሙያው ይቀጠራል፤ ጓንት ግዥ ላይ ሲደርስ በጀት አለቀ ይባላል። ሪባን የማይቆረጥለት ወጪ ሁሉ እንደዚሁ ነው።

ግብር ከፋይ፦ መንገድ ከሌለ አምቡላንሱ በምን ይደርሳል? መንገድም ሰው ያድናል።

የሒሳብ መምህር፦ አሁን ደግሞ ወደ መንገድ ልትወስደን ነው?

በጀት አጥኚ፦ መንገዱም ጓንቱም በየሩብ ዓመቱ ይለጠፍ፦ የጸደቀው፣ የተለቀቀው፣ ሥራ ላይ የዋለው፣ ሦስቱም ጎን ለጎን።

ግብር ከፋይ፦ ይለጠፍ። መንገዱን ግን አልተውም።

አዋላጇ፦ እኔም ጓንቱን።