ትዕዛዛችን ለምን ሳይሞላ ይቀራል? የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶች ክርክር

የብሎክ 9 ልጅ፦ ጎረቤቶች፣ የትናንት ማታው ክርክር አላለቀም። አገራችን የአክሲዮን ገበያ የከፈተችው በጥር 2017 ነው። ወደፊት ገበያውን ማን ይያዘው? በራሳቸው ገንዘብ እየገዙ እየሸጡ የሚያተርፉ ዲለሮች? ወይስ ገዢና ሻጭ በአንድ መዝገብ በቀጥታ ይገናኙ? እኔ መዝገቡ ይሻላል ባይ ነኝ። ዲለር በያዘው ገበያ የትንሽ ሰው የግዢ ወይም የሽያጭ ትዕዛዝ ሳይሞላ፣ ማለትም ሳይፈጸም፣ ያድራል።

ጤፍ ነጋዴው፦ አይ ወንድሜ፣ ይሄ ነጋዴን መጥላት ነው። «ከዚህ ዋጋ በላይ አልገዛም» ካልክ፣ ዋጋው እዚያ ካልወረደ አይሞላልህም። ማንም አልበደለህም። ደግሞ ሻጭ በመጣ ቀን ገዢ ላይኖር ይችላል። ያን ቀን ገንዘቡን አውጥቶ የሚያነሳው ዲለሩ ነው። ዋጋ ቢወርድ የሚከስረውም እሱ።

ጋሽ ሹፌሩ፦ ልጄ፣ ዋጋው ደርሶም አይሞላም። እኔው ላይ ደርሷል። በ1993 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ታክሲ እነዳ ነበር። ያኔ ናስዳቅ የሚባለው የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ የዲለሮች ገበያ ነው። አንዱን አክሲዮን ዲለሮቹ በ20 ዶላር ይገዛሉ፣ በ20 ከሩብ ይሸጣሉ። እኔ መሃል ገባሁ። 200 አክሲዮን በ20 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል እገዛለሁ አልኩ። ከነሱ የተሻለ ስለምከፍል ሻጭ ከመጣ ቅድሚያ የኔ ነው ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ስደውል ሰው በ20 ሸጧል። የኔ ትዕዛዝ ግን አልተነካም። የገዛው ዲለር ነዋ! ዋጋዬን ለገበያው አላሳዩትም። ሻጩም የተሻለ የሚከፍል ሰው መኖሩን አላወቀም። እሱ በየአክሲዮኑ 12 ሳንቲም ተኩል አጣ፣ እኔ ደግሞ አክሲዮኑን አጣሁ።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦ ነጋዴው ወንድሜ፣ በጤፍ ልንገርህ። «በዚህ ዋጋ ካገኘህ አንድ ኩንታል ያዝልኝ» ብዬህ ሄድኩ እንበል። ገበሬው ባነሰ ዋጋ አራገፈልህ። ጆንያውን ወደ ራስህ መጋዘን አስገብተህ «አልመጣም» ብትለኝስ?

ጤፍ ነጋዴው፦ እሱማ ክህደት ነው። እኔ አላደርገውም። ግን ሕግ ይከልክለው እንጂ ዲለሩን ከነጭራሹ ለምን ታባርራላችሁ?

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦ ሕጉማ መጣ፣ ግን በስንት ጊዜ! ናስዳቅ ሥራ የጀመረው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ክሪስቲ እና ሹልዝ የሚባሉ ሁለት ምሁራን አንድ ጥናት አወጡ። ያኔ ዋጋ የሚቆጠረው በዶላር ስምንተኛ ነበር። ዲለሮቹ በብዙ ታዋቂ አክሲዮኖች ላይ አንድ ስምንተኛን፣ ሦስት ስምንተኛን የመሳሰሉትን ዋጋዎች ይሸሻሉ። የሚጠቀሙት ሩብ፣ ግማሽ የመሳሰሉትን ብቻ ስለሆነ፣ በመግዣና በመሸጫ መካከል ቢያንስ ሩብ ዶላር ይቀራል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ዲለር የራሱን ደንበኛ ትዕዛዝ ቀድሞ ለራሱ እንዳይነግድ ተከለከለ። በ1995 ከሌላ ብሮከር፣ ማለትም ለደንበኛ ከሚያገበያይ ደላላ፣ የተላከለት የደንበኛ ትዕዛዝም ተጨመረ። የደንበኛን የተሻለ ዋጋ ለገበያው የማሳየት ግዴታ ግን ሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ1997 ነው።

ጋሽ ሹፌሩ፦ ያም ሕግ ቢሆን ከ100 አክሲዮን በታች ያለውን ትዕዛዝ አሳዩ አላለም። የቴሌ አክሲዮን ሲሸጥ ትንሹ 33 ነበር፣ አንዱ በ300 ብር። 9,900 ብር ቆጥቦ የገዛ ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ ስንት አለ? እዚያ ቢሆን የሱ ትዕዛዝ ላይታይ ይችል ነበር።

የብሎክ 9 ልጅ፦ እኔም አንድ ነገር ልመን። መዝገብም ቢሆን ሻጭ ካልመጣ ባዶ ነው። ነጋዴው እዚህ ላይ እውነት አለው።

ጤፍ ነጋዴው፦ እኔም የገዛሁት 33ቱን ነው፣ ጋሼ። ዲለሩ ይኑር እላለሁ፣ አሁንም። ግን 33ም ይሁን 3 ትዕዛዙ ለሁሉም ይታይ። የደንበኛው ሳይሞላ ለራሱ በዚያ ዋጋ አይግዛ።

ሂሳብ ሠራተኛዋ፦ መታየቱን የሚቆጣጠረውስ ማን ነው? እኔ እዚያ ላይ መልስ እፈልጋለሁ።