ካይዘን እኛ ጋ ሲደርስ ለምን ጽዳት ብቻ ይሆናል?

ባለማጉ፦
ሰላም ቤተሰብ። የምሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ስሙ ይቅር። ካይዘን (አሠራርን በሠራተኛው ሐሳብ ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓን ዘዴ) ከጀመርን ቆየን። የልማት ቡድን አለን፣ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሯል፣ ዕቃው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል። አሪፍ ነው፣ አልክድም። ግን የሐሳብ መስጫ ሳጥኑ ባዶውን ይውላል፤ ሠራተኛውም ሥራውን ለመድ ሲያደርግ ጥሎ ይሄዳል። አለቆቻችን «የእኛ ሰው ዲሲፕሊን የለውም» ይላሉ። እውነት የባህል ጉዳይ ነው?

ፍሬን፦
ባህሉን ተወው። ካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ውስጥ የጂኤም (የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ) መኪና ፋብሪካ ነበር። ሠራተኛው ከሥራ በመቅረትና ከአለቃ ጋር በመናቆር ስሙ የጠፋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ። በ1984 ቶዮታና ጂኤም በሽርክና ኑሚ ብለው ከፈቱት። የቀጠሩት ማንን መሰለህ? አብዛኞቹ እነዚያው ናቸው፣ የሠራተኛ ማኅበራቸው ሳይቀር። ብዙም ሳይቆይ ከሥራ የሚቀረው ሰው ቀነሰ፣ ጥራቱም ጃፓን ከሚሠራው ጋር ተቀራረበ።

የተለወጠው አሠራሩ ነው። ብሎን ጠማማ የገባበት ሠራተኛ ከራሱ በላይ ያለውን ገመድ ይስባል፣ የቡድን መሪው ሮጦ ይመጣል፣ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ የመገጣጠሚያው መስመር ይቆማል። ማንም አይቆጣውም። በ1988 ገበያው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሰው አልቀነሱም፣ ሥልጠና አስገቧቸው። እስቲ እናንተ ጋ ማሽን ያስቆመ ሰው ምን ይባላል?

ባለማጉ፦
ምን ይባላል? ከደመወዙ ይቆረጣላ 😅

የድሮ ጋዜጣ፦
ጃፓኖቹም ቢሆኑ ይዘውት አልተወለዱም። በ1950 ቶዮታ ሊከስር ጫፍ ደርሶ ከ1,500 በላይ ሠራተኛ አሰናበተ። ከባድ አድማ ተነሣ፣ ፕሬዚዳንቱ ኪይቺሮ ቶዮዳም ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ነው የቀረው ሠራተኛ እንጀራው እንደማይነካበት፣ እሱም በምላሹ አዲስ አሠራር እንደማይገፋ የተስማሙት። እናንተ ግን ከስምምነቱ ቢጫ መስመሩን ብቻ ወሰዳችሁ።

ጥሎ መሄዱ ደግሞ ፎርድንም አንገላቶታል። በ1913 ተንቀሳቃሹን የመገጣጠሚያ መስመር ሲዘረጋ ሥራው አሰልቺ ሆኖ ሰው አልበረክት አለ፤ በዚያ ዓመት አንድን ቦታ ለመሙላት ሦስት አራት ሰው መቅጠር ነበረበት። በ1914 የቀን ክፍያውን እስከ 5 ዶላር ሰቀለው። ሚሽነሪ ሆኖ አይደለም፣ ቸግሮት ነው።

ሰላሜ፦
ጃፓንን መልአክ አታድርጓት እንጂ። ያ ዋስትና የትልልቅ ኩባንያ ቋሚ ሠራተኞች ነበር፤ ጊዜያዊ ተቀጣሪው፣ ዕቃ የሚያቀርቡት ትንንሽ ድርጅቶች ሠራተኛና ብዙዋ ሴት ከውጭ ነበሩ። በሥራ ብዛት ለሚመጣ ሞት እንኳ «ካሮሺ» የሚል ስም አላቸው። ደግሞም ለሠራተኛ የተመቸ ሁሉ አያሸንፍም። ቮልቮ ስዊድን ኡደቫላ ላይ በ1989 በከፈተው ፋብሪካ ትንሽ ቡድን ሙሉ መኪና ይገጣጥም ነበር፣ ያለ መስመር። ሽያጭ ሲወድቅ በ1993 ዘጉት።

እኛ ጋ ደግሞ ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል (በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ክፍያ) የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይህን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ የምትሠራ ልጅ የቤት ኪራይ ከፍላ ለምሳ ካልተረፋት ምን ሐሳብ ሳጥን ውስጥ ትክተት?

ፍሬን፦
ሰላሜ ልክ ናት። ባለማጉ፣ ደመወዙን አንተ አትወስነውም፣ ግን በሚቀጥለው የቡድን ስብሰባ ሁለት ነገር ጠይቅ፦ በሐሳቡ ሥራ ስላቀለለ ማንም እንደማይባረር በጽሑፍ ይሰጠን፣ ማሽን ላስቆመም ቅጣቱ ይቅር በል። እምቢ ካሉህ ስለ ዲሲፕሊን የሚያወሩትን መስማት አቁም።