የሚታጠበው ርካሽ፣ የሚቆየው ውድ ይሁን

ባለፈው የደመወዝ ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ለፊቴ አንድ ደህና ነገር ልግዛ፤ ብር የሚገባው የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ የምሳ ሰዓታችንን በልቶ ሳያልቅ ስለቀረ ጽፌ ሰጠኋት። ለሌሎቻችሁም ከጠቀመ ይኸው። ሐኪም አይደለሁም፤ ከሁለተኛ ልጄ በኋላ ማድያት ጉንጬ ላይ የተቀመጠብኝ፣ እሱን ለማጥፋት ስል ብዙ ገንዘብ ያባከንኩ የአዲስ አበባ ሴት ነኝ። ዋጋ በብር አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዛሬው ዋጋ ለመጪው ወር አይሠራም።

ከሁሉ አስቀድሜ ኪሴን የምከፍተው ለፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው። «ጥቁር ቆዳን ምን ፀሐይ ይነካዋል» የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው ቆዳ የሚጎዳ የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል አይታወቀንም እንጂ በጥቅምት ረፋድ ታክሲ ስንጠብቅ ግንባራችን ላይ የሚወርደው ቀላል አይደለም። ማድያት ደግሞ ዋና መኖው ይኸው ብርሃን ነው።

ስትገዙ ቁጥሩ አያስጎምጃችሁ። ኤስፒኤፍ የሚባለው የመከላከል አቅም መለኪያ 30 ሲሆን ቆዳ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ይከላከላል፤ 50 ደግሞ 98 በመቶ። ልዩነት የሚያመጣው የምትቀቡት መጠን ነው፦ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተሰመረ ክሬም ለፊትና ለአንገት፣ ውጭ የምትውሉ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ መድገም። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ዚንክ ኦክሳይድ የበዛበት ነጭ ክሬም ነበር። ተቀብቼው ቢሮ ስደርስ ዘበኛው በትሕትና ብድግ ብለው «እትዬ፣ ከወፍጮ ቤት ነው የመጡት?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከቆዳችን ጋር የሚመሳሰል ቡናማ ቀለም ያለውን እፈልጋለሁ። ይወደዳል፤ ግን ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ማድያትን የሚያባብሰውን ተራ ብርሃን ጭምር ስለሚከላከል ልዩነቱን ቅር ሳይለኝ እከፍላለሁ።

የፊት መታጠቢያ ላይ ግን ስስታም ነኝ። ሴታፊልም ሴራቪም የሚባሉት የውጭ መታጠቢያዎች ለስላሳ ናቸው፣ ሰው ስጦታ ካመጣላችሁ ተጠቀሙባቸው። አንድ ደቂቃ ፊት ላይ ቆይቶ ወደ ቧንቧ ለሚወርድ ነገር የሳምንት አስቤዛ የሚያህል ገንዘብ ማውጣት ግን ለእኔ አይዋጥልኝም። ታጥባችሁ ስትጨርሱ ፊታችሁ እንደ ከበሮ ቆዳ ካልተወጠረ ርካሹም ይበቃል። ከታጠቡ በኋላ ፊት የሚጠረግበትን፣ ቶነር የሚባለውን ፈሳሽ ትቼዋለሁ። የቫይታሚን ሲ ሴረም የሚሉት ስስ የፊት ፈሳሽ ደግሞ በሙቀትና በብርሃን የሚበላሽ ነገር ሆኖ ሳለ የሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ሳይ ሆዴ ይባባል። ወደ ቡናማ ከተለወጠ ወዲያ ገንዘብ አትክፈሉበት።

ለድርቀት የእናቶቻችንን ግሊሰሪን የሚያህል አላገኘሁም። ከፋርማሲ የሚገዛ አንድ ጠርሙስ ለወራት ይበቃል። ብቻውን ይጣበቃል፤ አንዱን እጅ በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ አቅጥኖ፣ ገላ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ሳይደርቅ መቀባት ነው። እናቶቻችን የተሳሳቱት ሎሚ ሲጨምሩበት ነው፤ የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ጥቁር ጠባሳም ይተዋል። ለተሰነጠቀ ተረከዝ ማታ በግሊሰሪኑ ላይ ቫዝሊን ደርቦ ካልሲ አጥልቆ መተኛት ነው። ካልጠፋላችሁ ዩሪያ ያለበትን የእግር ክሬም ጠይቁ።

አሁን ወደ ስሕተቴ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሱቅ ገብቼ ከትልቅ ባልዲ ተጨልፎ፣ ስም በሌለው ነጭ ዕቃ የሚሸጥ «ቅልቅል» ክሬም ገዛሁ። የሻጯ ፊት እንደ መስታወት ያበራ ነበር። በዐሥር ቀን ማድያቴ ደበዘዘ፤ ያየኝ ሁሉ ጠየቀኝ፤ ለእኅቴም ላክሁላት፤ ይህን እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች። በሁለተኛው ወር እንጀራ ስጋግር የምጣዱ እንፋሎት ፊቴን ይለበልበኝ ጀመር። ስተወው ደግሞ አገጬ በብጉር ተወረረ፣ ማድያቱም ከበፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። የቆዳ ሐኪሟ ታሪኩን ሳልጨርስላት ነው ያወቀችው፤ እንዲህ ባሉ ቅልቅሎች ውስጥ እንደ ክሎቤታሶል ያለ፣ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት ይገባል። ቆዳን ያሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያወጣል፣ ሲያቆሙትም እንዲህ ያምፃል። አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ ጭምር ይገኛል።

ስለዚህ ከፀሐይ መከላከያው ቀጥሎ የማስቀምጠው ወጪ የቆዳ ሐኪም ነው። የግል ክሊኒኮች አሉ፤ ኪሳችሁ ካልፈቀደ በቆዳ ሕክምና የታወቀው አለርት ሆስፒታል አለ። አንድ ምርመራ ከሦስት የከሸፈ ክሬም ይረክሳል፤ አስልቼዋለሁ።

የውጭ ዕቃ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የታተመው የባች ቁጥር (በአንድ ዙር የተመረተውን የሚለየው) ጠርሙሱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። የተከፈተ ቆርቆሮ የሚመስለው ትንሽ ሥዕል ውስጥ የተጻፈው 6 ወይም 12 ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት ወር ነው። ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ስለሆነ ብቻ እውነተኛ አይሆንም።

ገላ የሚፈተግበት ሞሮኮ ባዝ ወይስ ወይባ ጢስ? እኔ ወይባ ጢስ እመርጣለሁ። ቅባት ተቀብቶ፣ በጋቢ ተሸፍኖ፣ ከሥር የወይባው እንጨት እየጨሰ ማላብ፤ ሽታው ለቀናት ከሰውነት አይለቅም። ማድያት ያጠፋል ብለው ሲነግሯችሁ ግን አትመኑ፤ አስም ያለባትም እርጉዝም ብትተወው ይሻላል። የሞሮኮው ፍተጋ ለእኔ ይከብደኛል።

ፀጉር ላይ ለቅባት ብዙ አላወጣም። ዜኒት ቅባት ወይም ለጋ ቅቤ ይበቃኛል፤ በቅቤው ቀን ዝንብና ባል ይለያያሉ፣ ዝንቡ ይመጣል። ገንዘቤ የሚሄደው ለሠሪዋ እጅ ነው። በየሳምንቱ ካስክ ውስጥ ገብቼ፣ በፔስትራ ተተኩሼ የከፈልኩት ፀጉሬን ሰባብሮ አስቀረው። ጥብቅ ሹሩባ ደግሞ የግንባር ፀጉርን ከሥሩ ይነቅላል፤ በተሠራ ማታ ራስ ካመመ፣ ሥሩም ላይ ትንንሽ እባጭ ከወጣ ጠብቋልና ወዲያው መፍታት ነው። ላላ አድርጋ የምትሠራ ሴት ብታስከፍል ይገባታል።

የእኔዋ ወልዳ አራስ ቤት ናት። በአያት ወይም በሲኤምሲ አካባቢ ሳትጎትት የምትሠራ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ፤ ፀጉሬን በሻሽ አስሬ መዞር ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው።