አንጀቷ የተጣበቀባት እህቴ ዳግም ቀዶ ሕክምና ታድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እህቴ ሁለቱንም ልጆቿን በቀዶ ሕክምና ነው የወለደችው። አሁን ሆዷ እየተነፋ ያስመልሳታል፤ ሐኪሟ አንጀቷ ከቀድሞው ጠባሳ ጋር ተጣብቋል አሏት። እንደተረዳሁት፣ የሆድ ዕቃ ሽፋን ሲቆስል ፋይብሪን የሚባል ፕሮቲን የተጎዱትን ቦታዎች ያያይዛል፤ ሰውነት በቀናት ውስጥ ካላሟሟው ጠንካራ ጠባሳ ይሆናል። የጨነቀኝ ግን ማላቀቂያው ቀዶ ሕክምና ራሱ አዲስ መጣበቅ ሊፈጥር መቻሉ ነው። በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ የሚሠራው ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን አንጀቷ ከሆዷ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከሆነ መሣሪያው ሲገባ አይበሳውም? ዳግም እንዳይጣበቁ አካላትን ለያይቶ ቆይቶ የሚሟሟውን ስስ ሽፋንስ አዲስ አበባ ውስጥ የሚጠቀም ሐኪም ይኖራል? የጓንት ዱቄት መጣበቁን ሊያባብስ ስለሚችል፣ ዱቄት የሌለው ጓንት እንዲጠቀሙ ብጠይቅ ድፍረት ይሆንብኛል? እባካችሁ፣ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችም ሆናችሁ በዚህ ያለፋችሁ፣ ከመወሰናችን በፊት ሐኪሟን ምን ልጠይቅ?