የሆድ ሸንተረር በሌዘር ይጠፋል? (ከቱሉ ዲምቱ)

ጠያቂ፦ የቱሉ ዲምቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ 14 ወር ሆኖኛል፤ አሁንም አጠባለሁ። ሆዴና ጭኔ ላይ ስትሬች ማርክ የሚባለው ሸንተረር ወጥቶብኛል። የሆዴ ነጣ ብሏል። በቅርቡ ክንዴ ላይ፣ በውስጥ በኩል የወጣው ግን ገና ወይን ጠጅ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ቦሌ አካባቢ ወደሚገኝ የቆዳ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። የተቀበለችኝ ልጅ ሆዴን ለሁለት ደቂቃ አየችና «ስድስት ጊዜ ሌዘር ትሠሪያለሽ፣ ሙልጭ ብሎ ይጠፋል። ዛሬ ሙሉውን ከከፈልሽ ቅናሽ አለ» አለችኝ። ክፍያው የሦስት ወር ደመወዜን ይበላል። ቀብድ ሳልሰጥ ተመለስኩ። እውነት ይጠፋል? ልጅ ለጎረቤት ትቶ ስድስት ጊዜ ቦሌ መመላለሱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

የለገጣፎ እናት

እህቴ፣ እኔ አራት ጊዜ ሠርቻለሁ። ጠፋ ብልሽ እዋሻለሁ። በጣቴ ስዳስሰው ይሰማኝ የነበረው ጎድጎድ ያለ ነገር ሞልቷል፤ መስመሩ ግን ዛሬም አለ። ማደንዘዣ ቅባት ቀብተው ያስጠብቁሻል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሕመም ሽሮ ሲንተከተክ እጅ ላይ እንደሚፈናጠረው ነው።

የሚቆጨኝ ሁለተኛው ዙር ነው። ኃይሉን ከፍ አደረጉትና መሣሪያው ያረፈበት ቦታ ሁሉ በአራት ማዕዘን ጠቆረ። ሆዴ የወለል ንጣፍ መሰለ! ጥቁረቱ እስኪለቅ ስምንት ወር ፈጀ። ስጠይቃቸው «ቆዳሽ ነው» አሉኝ። ቆዳዬ መሆኑን መጀመሪያም ያውቁ ነበር።

የቆዳ ክፍል ነርስ

ሸንተረር ጠባሳ ነው። ከላይኛው ቆዳ ሥር ያለው ሽፋን ሲለጠጥ ኮላጅንና ኤላስቲን የተባሉት ክሮች ይጎዳሉ። ሌዘሩ የተጎዳውን መልሶ አይሰፋውም፤ ቦታውን ሆን ብሎ በጥቂቱ ያቆስልና ቆዳው አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ይደበዝዛል፣ ይለሰልሳል። «ሙልጭ ብሎ ይጠፋል» ያለሽ ሰው ዕቃ እየሸጠልሽ ነው።

ሌዘር ሁሉ አንድ አይደለም። ለቀዩና ለወይን ጠጁ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ፐልስድ ዳይ የሚባለው፣ የብርሃን ሞገዱ ርዝመት 585 ወይም 595 ናኖሜትር የሆነው ነው፤ ብርሃኑ የሚፈልገው ደሙን ነው። ችግሩ ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒንም ያንኑ ብርሃን መጠጣቱ ነው፤ እኛ ላይ ማቃጠልና ማጥቆር ይችላል። ለነጣው ፍራክሽናል የሚባለው፣ ቆዳውን በጥቃቅን ነጥብ እየለየ የሚመታው ይሻላል። ከእነዚህም የ1540 ወይም የ1550 ናኖሜትሩ ቆዳ ሳይልጥ ስለሚሠራ፣ ከ10,600 ናኖሜትሩ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ይልቅ ለጥቁር ቆዳ ይመረጣል። እሱም ቢሆን ኃይሉ ዝቅ ብሎ፣ በየዙሩ መካከል ከ4 እስከ 6 ሳምንት እየተጠበቀ ነው። በጥቃቅን መርፌ የሚሠራው ማይክሮኒድሊንግም አለ፤ ሙቀት ስለሌለው የማጥቆር ስጋቱ ያነሰ ነው።

ከመክፈልሽ በፊት የመሣሪያውን ዓይነት ጠይቂ፤ ሊነግሩሽ ካልፈለጉ ትተሻቸው ሂጂ። በማይታይ ቦታ ላይ በትንሹ ሞክረው ጥቂት ሳምንታት ይጠብቁ። ጆሮሽን ስትበሺ ጠባሳው አብጦ ቀርቶ የሚያውቅ ከሆነም ተናገሪ፤ ኬሎይድ ለሚያወጣ ሰው ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የሆድሽ ከእርግዝናው ነው፤ የክንድሽ ግን ከወለድሽ በኋላ መጣ። የምትቀቢው ነገር አለ?

የቱሉ ዲምቷ

አፍሬ ነው ያልጻፍኩት። ከእርግዝናው ጀምሮ ፊቴ ላይ ማድያት ወጥቶ ነበር። ጎረቤቴ ያሳየችኝን ቅባት ከሱቅ ገዛሁ። ፊቴ ሲጠራ ጊዜ ወደ አንገቴና ወደ ክንዴ ወረድኩ። ስምንት ወር ሆነኝ። ቱቦው ላይ ክሎቤታሶል ይላል።

የቆዳ ክፍል ነርስ

አትፈሪ፣ በየቀኑ የምናየው ነው። ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ ከኮርቲዞን ዓይነት ቅባቶች እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከ2 ሳምንት በላይ እንዲቀቡት አይታዘዝም፤ ለፊት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ቆዳን ያሳሳል፣ ሸንተረርም ያወጣል። እሱን እየቀባሽ ሌዘር ማሠራት ቧንቧው ሳይዘጋ ወለል እንደመወልወል ነው።

ሕፃኑ በሚነካው ቦታ ላይ ከዛሬ ጀምሮ አትቀቢ። ፊት ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀብቶ በአንዴ ሲቆም ቆዳው ቀልቶ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ እንዴት እንደምታቆሚው በዚህ ሳምንት ሐኪም ይንገርሽ። ቱቦውን ይዘሽ ሂጂ። የክንድሽ ሸንተረር ገና ትኩስ ስለሆነ ትሬቲኖይን የተባለ ቅባት ሊታሰብ ይችላል፤ ማጥባትሽን ግን አስቀድመሽ ተናገሪ። እርጉዝ ደግሞ አትቀባውም።

እማማ ከአቃቂ

ልጄ፣ እኔ ስድስት ወልጄ ሆዴ የታረሰ ማሳ ነው፤ ባለቤቴም አንድ ቀን ቅር ብሎት አያውቅም። ቅቤም ተቀብቻለሁ፣ ሸንተረሩ ከመውጣት አልተመለሰም። ገንዘቡ ያንቺ ነው፣ አልፈርድብሽም።

ዘነበወርቅ ያለውን አለርት ሆስፒታል ታውቂዋለሽ? በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች የተቋቋመ ስለሆነ ሰው ስሙን ሲሰማ ይሸሻል። ዛሬ ግን የቆዳ ሐኪም የሚፈልግ ሁሉ የሚሄድበት ነው። የልጅ ልጄን ለችፌ ወስጃታለሁ። ሰልፍ አለው፤ ስንቅሽን ያዢ፣ በማለዳ ድረሺ።

የቱሉ ዲምቷ

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ረቡዕ ፈቃድ ጠይቄ እሄዳለሁ። ቱቦውን በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ለጎረቤቴም ነግሬያታለሁ፤ የእሷ ክንድ ላይም አለ ለካ።