በ54 ዓመት የበረራ አስተናጋጅ ለመሆን ማመልከት ያዋጣል?

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ዕድሜዬ 54 ደርሷል። እስካሁን የሠራሁት በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በረዳት ነርስነት ነው። የመጨረሻዋ ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ገብታ ቤቱ ጭር ብሏል። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ሳለሁ የበረራ አስተናጋጅ ለመሆን ስዘጋጅ ትዳር መጣ፣ ከዚያ ስደት፣ ከዚያ ልጆች፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ሰሞኑን የአንድ የአሜሪካ አየር መንገድ የቅጥር ማስታወቂያ ሳነብ ዝቅተኛው ዕድሜ 21 እንደሆነ ይገልጻል፤ ስለ ከፍተኛው ምንም አይልም። እውነት ገደብ የለውም? ወይስ ገደቡን መጻፍ ሕግ ስለሚከለክላቸው ዝም ብለው በቃለ መጠይቁ ላይ ይጥሉናል? ትልቋ ልጄ «እማዬ፣ ከልጆች ጋር ተወዳድረሽ ልብሽ እንዳይሰበር» ትለኛለች። እንግሊዝኛዬ ሥራዬን በሚገባ ያሠራኛል፣ የአገር ቤቱን ቃና ግን አልለቀቀም። በሥራው ላይ ያላችሁ እውነቱን ንገሩኝ፤ ማጽናኛ አልፈልግም።

የሰማይ መንገደኛ፦
እህቴ፣ እኔ የተቀጠርኩት በ51 ዓመቴ ነው፤ አሁንም እየበረርኩ ነው። በሥልጠናው ክፍል ውስጥ ጡረታ የወጣች መምህርትና የቀድሞ ፖሊስ አብረውኝ ተቀምጠው ነበር፤ ያንን ማስታወቂያ ሳትጠራጠሪ እመኚው። በአሜሪካ የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ 65 ሲሞላው መሪውን እንዲለቅ ሕግ ያስገድደዋል። ለአስተናጋጅ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም።

ይህ መብት በነጻ የተገኘ እንዳይመስልሽ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ የአሜሪካ አየር መንገዶች አስተናጋጆችን 32 ወይም 35 ዓመት ሲሞላቸው ያሰናብቱ ነበር፤ ካገባችም ወዲያው ትወጣ ነበር። ያንን ደንብ የሰበሩት ራሳቸው አስተናጋጆቹ ናቸው። የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ ይዘው በማኅበራቸው በኩል ተሟገቱ፣ ከሰሱም። በ1967 ደግሞ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ሠራተኛ በዕድሜው ምክንያት ከመገፋት የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። እኔና አንቺ ዛሬ የምናመለክተው እነዚያ ሴቶች በከፈቱት በር ነው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ።

በእናንተው አካባቢ ስለነበረችው የበረራ አስተናጋጅ ስለ ቤቲ ናሽ ሳትሰሚ አትቀሪም። ሥራ የጀመረችው በ1957 ነው። ለብዙ ዓመታት የዋሽንግተንና የቦስተንን መስመር የመረጠችው አካል ጉዳተኛ ልጇን ለመንከባከብ ማታ ማታ ቤቷ ለመግባት ስትል ነበር። በ2024 በ88 ዓመቷ ስታርፍ ከሥራዋ ገና አልተሰናበተችም ነበር።

አሁን ወደ ሥልጠናው ልምጣ። ቡናና ለስላሳ ማቅረብ ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው የአደጋ ጊዜ በር መክፈት፣ እሳት ማጥፋት፣ በጭስ ውስጥ ሰው መምራት፣ ልቡ የቆመን ሰው ደረቱን እየተጫኑ መመለስ ነው። አንድ አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘው ከበሮቹ ግማሾቹ ብቻ ተከፍተው ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል ሲረጋገጥ ነው፤ ስለዚህ አሠልጣኞቹ የሚፈልጉት ጠንከር ያለ ድምፅና የማይደናገጥ ልብ ነው። አነጋገርሽ አያሳስብሽ፤ ትእዛዝሽ ከኋላ ወንበር ድረስ ጥርት ብሎ ከተሰማ ይበቃል። ፈተናው በየዓመቱ ይደገማል። በሩን መክፈት ያቃተው ሰው የ25 ዓመት ወጣትም ቢሆን አይበርም። ለእኔ ትክክለኛው መለኪያ ይህ ነው፤ የልደት ቀን አይደለም።

ሹፌሩ ከዱለስ፦
ሁለታችሁንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን የገንዘቡ ጉዳይ መነሳት አለበት። ባለቤቴ በዚህ ሥራ ላይ ስላለች ኑሮውን አውቀዋለሁ። ደመወዙ የሚታሰበው በበረራ ሰዓት ነው። በብዙ ቦታ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው የአውሮፕላኑ በር ሲዘጋ ነው፤ መንገደኛ እያስገቡ፣ ሻንጣ እያስተካከሉ የሚደክሙበት ጊዜ አይከፈልም። ዴልታ አየር መንገድ በ2022 ለዚያ ጊዜ የመደበኛውን ግማሽ መክፈል ጀምሯል፤ ሌሎችም እየተከተሉ ነው። ቢሆንም የመጀመሪያው ዓመት ገቢ የቤት ዕዳ ላለበት ሰው ይከብዳል። እርስዎ የቤት ዕዳ ካለብዎት ቢያንስ የአንድ ዓመት ስንቅ ሳይዙ የጤና ሥራዎን አይልቀቁ።

ሰሎሜ፣ አዲስ አበባ፦
እዚህ የማያቸው የአስተናጋጅ ቅጥር ማስታወቂያዎች ዕድሜ ይገድባሉ፤ ስለዚህ ያላችሁበትን ዕድል አትናቁት። ወደ ዋሽንግተን ስጓዝ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ትንፋሽ አጥሯቸው ሁላችንም ደነገጥን። ፀጉሯ የሸበተ አስተናጋጅ መጥታ ኦክሲጅኑን ስታደርግላቸው እጇ አልተንቀጠቀጠም። እስክንደርስ ድረስ እየተመላለሰች አየቻቸው።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቤት ዕዳ የለብኝም፣ ኪራዩንም ከልጄ ጋር እንጋራለን። የቀሩኝ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ከቤቴ ርቄ እመደባለሁ? ስለ ራሴ ሥራስ ምን ልጻፍ?

የሰማይ መንገደኛ፦
አዎ፣ ርቀሽ ልትመደቢ ትችያለሽ። በዚህ ሙያ ሁሉንም ነገር የሚወስነው የአገልግሎት ዘመን ነው፤ መስመር የሚመርጠው፣ የበዓል ዕረፍት የሚያገኘው፣ ወደሚፈልገው ከተማ የሚዛወረው ቀድሞ የገባ ነው። አንቺ በ54 ብትገቢም በዝርዝሩ ላይ የ22 ዓመቷ የቀደመችሽ ልጅ ታላቅሽ ናት። መጀመሪያ ላይ ተጠባባቂ ትሆኛለሽ። ስልክ ሲጠሩሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ትወጫለሽ፤ ፋሲካም ይሁን የልጅሽ ምርቃት አይጠብቅም። እኔን የፈተነኝ እግሬ ሳይሆን ይህ ነው፤ ስለዚህ ከልጆችሽ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሪበት። ዕረፍት ግን በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ከ2022 ወዲህ በሁለት የሥራ ጊዜያት መካከል ቢያንስ 10 ሰዓት ማረፍ ግድ ሆኗል።

በማመልከቻሽ ላይ «አረጋውያንን ተንከባክቤአለሁ» ብለሽ በደፈናው አትለፊ። ሕመምተኛ ከአልጋ ማንሳትሽን፣ ሌሊት ብቻሽን ተረኛ መሆንሽን፣ የወደቀ ሰው ስታገኚ ምን እንዳደረግሽ፣ የተቆጣ ቤተሰብ እንዴት እንዳረጋጋሽ ጻፊ። የመጀመሪያ ዕርዳታ የምስክር ወረቀትሽ ጊዜው ካለፈ አሳድሺው። የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ብዙውን ጊዜ በቪዲዮ ስለሆነ ብርሃን ፊትሽ ላይ የሚወድቅበት ቦታ ምረጪና ከልጅሽ ጋር ተለማመጂ። ማስታወቂያዎቹ አንዳንዴ ቶሎ ስለሚዘጉ ዛሬውኑ ላኪ።